ከመፍረድ በፊት ማየት

ባለፈው ዓመት የሥነ ጥበብ መምህራችን አንድ ሥዕል ከመጽሐፍ አስገልብጠው፣ በካርቶን ላይ ለጥፈው ወደ ክፍላችን ይዘው ገቡ። ሥዕሉን ሰሌዳው ላይ ከሰቀሉ በኋላ አንዳች ሳይናገሩ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ኋላ ግን ከመጨረሻው ረድፍ አንዱ ጓደኛችን፣ «ቲቸር፣ ይህን የሣለው የስንተኛ ክፍል ተማሪ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እውነቱን ለመናገር፣ አብልጠው ከሳቁት አንዷ እኔ ነበርሁ።

መምህራችን አልተቆጡም። «ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ሳትነጋገሩ ተመልከቱት። ከዚያ በኋላ ጻፉ፤ ነገር ግን ያያችሁትን እንጂ የመሰላችሁን እንዳትጽፉ» አሉን። ዐሥር ደቂቃ አጭር ጊዜ ይመስላል፤ አንድን ነገር ዝም ብሎ ለማየት ግን እጅግ ረጅም ነው። በዚያ ቀን የተማርሁትን ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ማካፈል ይገባኛል ብዬ ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፤ ሰው አንድን ነገር ረጋ ብሎ ሳያይ የሚሰጠው ፍርድ ፍርድ አይባልም፤ ማየት ደግሞ እንደ ንባብና እንደ ሒሳብ በልምምድ የሚገኝ ትምህርት ነው።

ሥዕሉን የሣለው ዦርዥ ብራክ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። የሣለበት ዘመን እ.ኤ.አ. 1908 ሲሆን የሥዕሉ ስም «የኤስታክ ቤቶች» ይባላል። ኤስታክ በደቡብ ፈረንሳይ፣ በማርሴይ ከተማ አጠገብ፣ በሜዲትራንያን ባሕር ዳር ያለች መንደር ናት። ዋናው ሥዕል ዛሬ በስዊዘርላንድ አገር፣ በበርን ከተማ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ቁመቱ 73፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን በብብቱ ይዞት ሊሄድ ይችላል።

በመጀመሪያው ደቂቃ ያየሁት አንዱ ባንዱ ላይ የተከመሩ ሳጥኖችን ብቻ ነበር። ቆየት ብዬ በግራ በኩል ግንዱን አዘንብሎ ወደ ላይ የሚወጣ ዛፍ እንዳለ አስተዋልሁ። ዛፉን ካየሁ በኋላ ሳጥኖቹ ቤቶች ሆኑልኝ። ቀጥሎ የጎደሉትን ነገሮች መቁጠር ጀመርሁ። ቤቶቹ በር የላቸውም፤ መስኮትም የላቸውም። ሰው የለም፤ መንገድ የለም። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ ሰማይ የለም። እኛ የምናውቃቸው የአገር ገጽታ ሥዕሎች ሰማይና ምድር የሚገናኙበት አድማስ አላቸው፤ ዓይንም ሲደክመው በዚያ ያርፋል። በዚህ ሥዕል ግን ቤቶቹና ቅጠሎቹ ከታችኛው ጠርዝ እስከ ላይኛው ጠርዝ ተደራርበው ስለሚወጡ ዓይን መሸሻ አያገኝም። ሳይወድ በግድ ወደ ቤቶቹ ይመለሳል።

እኔም ወደ ቅርጹ ተመለስሁ። ጣሪያው ሦስት ማዕዘን፣ ግድግዳው አራት ማዕዘን ነው። ሩቅ ያለ ቤት ከቅርቡ ቤት ያነሰና የደበዘዘ ሆኖ መሣል እንዳለበት ሁላችንም ተምረናል። እዚህ ግን የኋላው ቤት ከፊተኛው ያላነሰ ጉልሕ ነው፤ ወደ ኋላ በመራቅ ፈንታ ወደ ተመልካቹ የሚገፋ ይመስላል። የአንዱ ግድግዳ የት እንደሚያልቅና የሌላው ጣሪያ የት እንደሚጀምር ለመለየት የሚያስቸግርበትም ቦታ አለ። ጥላውን ብንከተለው ደግሞ የባሰ ግራ ያጋባል፤ አንዱ ቤት በአንድ ጎኑ ሲጠቁር ጎረቤቱ በሌላ ጎኑ ይጠቁራል። ፀሐይ በአንድ ጊዜ ከሁለት ወገን አትወጣምና ሠዓሊው ተሳስቷልን? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ደጋግሜ ሳየው ግን እንዳልተሳሳተ ተረዳሁ። ጥላውን ያኖረው ፀሐይን ለመከተል ሳይሆን፣ የእያንዳንዱ ቤት ማዕዘን ጎልቶ በእጅ የሚዳሰስ እንዲመስል ነው።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። ሦስት ቀለም ብቻ አለ ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ የአፈር ቢጫ፣ አረንጓዴና ግራጫ። ይህ የሆነው ሠዓሊው ሌላ ቀለም አጥቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1906 ወደዚያችው መንደር ሄዶ በነበረ ጊዜ በሚያንጸባርቁ ደማቅ ቀለሞች ሥሏታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደሚናገር ሰው ቀለሙን ቀነሰው። ቀለም ሲጮህ ቅርጽ አይሰማምና። አረንጓዴው ከቢጫው ግድግዳ ጎን ሲውል ግድግዳው ይሞቃል፤ ግራጫው ደግሞ በመካከላቸው ገብቶ ሁለቱን ያስማማል።

ዐሥር ደቂቃው ሲያልቅ እርሳሴን አንሥቼ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍሁ። ከሳቅሁበት ነገር አንድ ገጽ የሚሞላ አሳብ ማግኘቴ አሳፈረኝ።

ኋላ መምህራችን እንዳስረዱን፣ በዚህ ሥዕል የሳቅነው እኛ ብቻ አልነበርንም። ብራክ እ.ኤ.አ. በ1908 እነዚህን ሥራዎቹን በፓሪስ ለሚደረገው ታላቅ የመጸው የሥዕል ትርኢት ቢያቀርብ ዳኞቹ ፊት ነሡት። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ካንዋይለር የተባለ የሥዕል ነጋዴ በራሱ ቤት አሳየለት። ሉዊ ቮክሴል የተባለ ሐያሲ ትርኢቱን አይቶ፣ ይህ ሰው ቤቱንም ሰውንም ሁሉን ወደ ኩብ ይለውጠዋል ሲል በጋዜጣ ጻፈ። «ኩቢዝም» የሚለው የታወቀ ስም የተወለደው እንግዲህ ከነቀፌታ ነው። ዛሬ ግን የዓለም ሙዚየሞች የኩቢዝምን ሥራዎች በክብር ያኖራሉ፤ ያን ጊዜ የነቀፉትን ሰዎች የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ለምን እንዲህ አድርጎ ሣለ? ለሚለው ጥያቄ መልሱ ረጅም ነው፤ እኔ እንደገባኝ በአጭሩ ልግለጸው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጣልያን አገር የተደራጀው የርቀት ሕግ፣ ተመልካቹ አንድ ቦታ ላይ ሳይነቃነቅ ቆሞ በአንድ ዓይን ያያል ብሎ የሚነሣ ነው። የአውሮፓ ሠዓሊዎችም ከአራት መቶ ዓመት በላይ በዚህ ሕግ ተመሩ። ሰው ግን እግር አለው። አንድን ቤት የምናውቀው ፊቱን አይተን፣ ዞረን ጀርባውን አይተን፣ ገብተን ውስጡን አይተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 የሞተው ፖል ሴዛን የኤስታክን መንደር ከብራክ በፊት ሥሏል፤ በተፈጥሮ ውስጥ ያሉትንም ቅርጾች በኮን፣ በሉልና በሲሊንደር ዐይነት እንዲያዩ ለወጣት ሠዓሊዎች መክሯል። የብራክ ጓደኛ ፓብሎ ፒካሶም እ.ኤ.አ. በ1907 በፓሪስ ትሮካዴሮ ሙዚየም የአፍሪቃን የእንጨት ጭምብሎችና ቅርጻ ቅርጾች አይቶ እጅግ ተነካ። በ1909ም ኦርታ በምትባል የስፔይን መንደር ተቀምጦ፣ ቤቶችን እንደ ተጠረበ ድንጋይ አድርጎ ሣለ።

ስለዚህ «ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው፤ ለኛ ምን ይጠቅመናል?» ለሚሉ ሰዎች መልስ አለኝ። ፈረንጆቹ ራሳቸው ከአፍሪቃ ጠራቢዎች ተምረዋል። የአገራችንም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች የጣልያንን የርቀት ሕግ ሳይጠብቁ ለብዙ መቶ ዓመታት ሥለዋል። ጻድቃንን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎችን ግን በጎን በአንድ ዓይን ይሥሏቸው እንደነበር የማያውቅ የለም። ይህ የሚያሳየው አባቶቻችን ዓይናቸው ያየውን ብቻ ሳይሆን ልባቸው የሚያውቀውንም በቅርጽ ይገልጹ እንደነበር ነው። ሥዕላቸው ኩቢዝም ነው ማለቴ አይደለም፤ በአንድ ቦታ ቆሞ በማየት ያልተወሰነ ጥበብ ለኛ እንግዳ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

ራቅ ብሎ መሄድም አያስፈልግም። ከኦሎምፒያ ተነሥተን ወደ መስቀል አደባባይና ወደ ካዛንቺስ አቅጣጫ ጥቂት ብንጓዝ የአፍሪቃን አዳራሽ እናገኛለን። አዳራሹ በጣልያናዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን፣ በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚህ አዳራሽ ነው። በውስጡ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን፣ በሦስት የተከፈለ የመስተዋት ሥዕል አለ። ሥራው የአፈወርቅ ተክሌ ነው፤ የአፍሪቃን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል።

እኔ ይህን ሥራ ያየሁት ከብራክ ሥዕል በኋላ በመሆኑ ደስ ይለኛል። ቀድሜ አይቼው ቢሆን ኖሮ ምስሎቹን ለይቼ፣ «ይህ ሰው ነው፤ ያ ችቦ ነው» ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ግን የሰዎቹ ልብስና አካል በብዙ ትናንሽ የቀለም ቁራጮች መከፋፈሉን፣ አንዱ ቁራጭ ደመቅ ሌላው ጠቆር ማለቱን፣ በመካከላቸው ያለውም ጥቁር መስመር እንደ ስፌት መያዙን አየሁ። አንዱን ቁራጭ ብቻ ብናይ ሰው አይደለም፤ ልብስም አይደለም። ሁሉ በአንድነት ሲቆሙና ብርሃን ከኋላቸው ሲመጣ ግን ሕዝብ ይሆናሉ። ቅርጽና ቀለም ከታሪክ ውጭ ያሉ ጌጦች ሳይሆኑ ታሪኩን የሚናገሩ አፎች መሆናቸውን የተረዳሁት እዚያ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሌሎች ሥራ ነው። ነገሩ ልቤን የነካበትን ምክንያት ደግሞ ልናገር።

አያቴ ይኖሩ የነበረው ካዛንቺስ ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የቤት ስም ነው፤ በወረራው ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ድርጅት የመጣ ሲሆን «ካዛ» በጣልያንኛ ቤት ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ሲፈርስ የአያቴም ቤት አብሮ ፈረሰ፤ እርሳቸውም በከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ተዛወሩ። ይህን ያነሣሁት ልማቱን ለማወደስም ለመንቀፍም አይደለም። ስለ ራሴ ጥፋት ለመናገር ነው።

ከዚያ ከሥዕሉ ትምህርት በኋላ በዋለው ቅዳሜ የአያቴን ቤት ከትዝታ ልሥለው አሰብሁ። ሕጉን ጠብቄ፣ ከበሩ ፊት ለፊት እንደ ቆምሁ አድርጌ ጀመርሁ። ሥዕሉ ቤት መሰለ፤ ነገር ግን የማንም ቤት ሊሆን ይችል ነበር። ይባስ ብሎ በሩን ልቀባ ስል ቀለሙ ጠፋኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የገባሁበትና የወጣሁበት በር ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ አላውቀውም። ገብቻለሁ፣ ወጥቻለሁ እንጂ አይቼው አላውቅም ማለት ነው። አሁን ደግሞ ሄጄ ልየው ብል በሩ የለም።

በጣም አዘንሁና ወረቀቱን ቀድጄ በሌላ ወረቀት ጀመርሁ። በዚህ ጊዜ በአንድ ቦታ መቆሙን ተውሁት። በሩን ፊት ለፊት፣ ግቢውን ከላይ፣ ጣሪያውን ከጎረቤት ደረጃ ላይ እንደሚታየው፣ ጓዳውን ደግሞ ከውስጥ አድርጌ በአንድነት ሣልሁት። የዛገውን ቆርቆሮ ቡናማ፣ በኋላ የተለወጠውን ግራጫ፣ የጭቃውን ግድግዳ ቢጫ አደረግሁት። በሩን ግን ባዶውን ተውሁት። አባቴ አይተው፣ «ይህ ምንድን ነው? ቤቱ ሲናድ ነው እንዴ የሣልሽው?» አሉኝ።

እሑድ ዕለት ከአባቴ ጋር ሆነን አያቴን ልንጠይቅ ስንሄድ ሥዕሉን ይዤ ሄድሁ። አያቴ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት። ኋላ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «ይህ ጓዳዬ ነው። ይህች ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር የምታንጠባጥበው ቆርቆሮ ናት» አሉ። ጥቂት ቆይተውም፣ «ጌሾዬንስ ወዴት አደረግሻት?» ብለው ጠየቁኝ። ለካ በግቢው ጥግ የነበረችውን ጌሾ ረስቻት ኖሯል። ስለ በሩ ብጠይቃቸው፣ «አረንጓዴ ነበር። አያትሽ ሲቀቡት ቀለሙ አልበቃ ብሎ ታችኛው ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ» አሉኝ። ይህን ጊዜ አባቴ ወንበራቸውን ወደ እኛ ስበው፣ «የውሃ ቆጣሪውም በዚህ በኩል ነበር፤ እርሳስሽን አምጪ» አሉና ራሳቸው ሣሉት።

አያቴ ስለ ኩቢዝም ሰምተው አያውቁም። ነገር ግን አርባ ዓመት የኖሩበትን ቤት ከአንድ ቦታ ብቻ ቆመው ስላላዩት፣ ከብዙ ወገን የተሣለው ሥዕል አልከበዳቸውም። ትክክለኛ መስሎኝ የጀመርሁት የመጀመሪያው ሥዕል ግን ለእርሳቸው ምንም ባልነገራቸው ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ፣ «እንዲህ ከሆነማ የተሰባበረ ነገር ሁሉ ጥበብ ነው ልትዪን ነው» ይሉኛል። እንዲህ አልልም። ሥራውን መመርመሪያ አንድ ዘዴ አግኝቻለሁ። ከብራክ ሥዕል ላይ በግራ ያለውን ዛፍ በወረቀት ብንሸፍነው፣ ቤቶቹ ሁሉ ወደዚያ ወገን የሚንሸራተቱ ይመስላሉ፤ አረንጓዴውን ብንሸፍን ቢጫው ይገረጣል። እያንዳንዱ ክፍል የሌላው ደጋፊ ነው ማለት ነው። አንድን ክፍል ሸፍነን ምንም የማይጎድል ከሆነ ግን ሠዓሊው አልደከመበትም፤ ያን ጊዜ ብንነቅፍ ይገባናል። በሥዕልም የማልወዳቸው ብዙ አሉ። ልዩነቱ፣ ዛሬ አልወድም የምለው አይቼ መሆኑ ነው።

ሌሎች ደግሞ፣ «ሥዕል መምሰል አለበት» ይላሉ። መምሰልንስ በየኪሳችን ያለው ስልክ ከማናችንም ይልቅ አሳምሮ ይሠራዋል። እኔም የአያቴ ቤት ፎቶግራፎች በስልኬ ውስጥ አሉኝ፤ በሁሉም ላይ የሚታየው ግን የኔና የእኅቶቼ ፊት ነው፤ ቤቱ ከትከሻችን ኋላ ቀርቷል። ስልኩ አየ፤ እኛ ግን አላየንም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። በችኮላ የተሰጠ አስተያየትም እንዲሁ ነው። በሥዕል ላይ ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው በሰውም ላይ ቸኩሎ ይፈርዳል ብዬ አምናለሁ። አዲስ የመጣን ተማሪ በአነጋገሩ፣ መምህርን በአንድ ቀን ቁጣ፣ ሰፈርን በዝገቱ እንመዝናለን። አያቴ ይኖሩበት የነበረውን ሰፈር «ቆርቆሮ ብቻ» የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ። ቆርቆሮውን አይተዋል፤ አረንጓዴ ተጀምሮ በሰማያዊ የቀረውን በር ግን አላዩትም።

ስለዚህ ሦስት አሳቦችን አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ለትምህርት ቤታችን ነው። በየክፍሉ በወር አንድ ሥዕል ቢሰቀልና ዐሥር ደቂቃ በዝምታ ብንመለከተው ወጪው የአንድ ካርቶን ዋጋ ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ሁለተኛው ለወላጆች ነው። ልጃችሁ ሥዕል ሲሥል «ይህ እንጀራ አይሆንም» ከማለት በፊት ሥዕሉን እዩለት። አፈወርቅ ተክሌም እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ ወደ ሥዕል ባያዘነብል ኖሮ የአፍሪቃ አዳራሽ መስኮት በሌላ ሰው እጅ በተሠራ ወይም ባዶውን በቀረ ነበር። ሦስተኛው ለእናንተ ለጓደኞቼ ነው። የኦሎምፒያም መልክ በየቀኑ እየተለወጠ ነው። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስንወጣ በአዳዲሶቹ ፎቆች መስተዋት ላይ የፊት ለፊቱ ሕንፃ ተሰባብሮ ይታያል፤ አንዱ ቁራጭ ሰማይ፣ አንዱ ቁራጭ ግድግዳ፣ አንዱ ቁራጭ የታክሲ ሰማያዊ ነው። ለአንድ ደቂቃ ቆማችሁ ቀለሞቹን ቁጠሩ። በመንገዳችሁም ላይ የቀረውን አሮጌ ቤት ፊቱንም ጎኑንም ተመልከቱት፤ በሚቀጥለው ዓመት ላይኖር ይችላል።

ያን ቀን በክፍል ውስጥ የቀለደው ጓደኛችን ከሁላችን የረዘመውን ጽሑፍ ጽፎ ነበር፤ መምህራችንም ለክፍሉ አነበቡልን። እኔ በበኩሌ የትምህርት ቤታችን በር ምን ዐይነት ቀለም እንዳለውና የትኛው ጠርዙ እንደ ተላጠ ዛሬ አውቃለሁ። እናንተስ?